የግራው ፔዳል በቀኝ ይፈታል

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል መንዳት ብርቅ አይደለም። ከተማው ሜዳ ነው። ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ አባይ ድልድይ እስክትደርሱ ዳገት የሚባል ነገር አያጋጥማችሁም። ተማሪው፣ አናጺው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ ሁሉም ፔዳል ይመታል። እኔም በ2011 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክል ገዝቼ ተቀላቀልኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስነዳው አንዲት ብሎን ፈትቼ አላውቅም። ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ፣ ፍሬን ሲላላ ጎሚስታ። ኮርቻው ዝቅ ሲልብኝ እንኳ ጎሚስታ ቤት ነበር የምሮጠው።

ይህን ልማዴን ያስተወኝ አንድ እሾህ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኋላ ጎማዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሦስቱንም ጊዜ አስለጠፍኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ላወጣው ስል ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል። ሥራ ረፍዶብኛል፤ ዝናቡ ያካፋል። እየገፋሁ ስሄድ ሰፈራችን ዋርካ ሥር ሳይክል የሚጠግኑ ሽማግሌ ጠሩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ናቸው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

«በዚህ ሳምንት ስንተኛሽ ነው?»

«አራተኛዬ።»

«የተለጠፈው አንድ ቦታ ነው ወይስ የተለያየ ቦታ?»

ምን አውቄ! ከመነዳሪውን፣ ማለትም የውስጡን ጎማ፣ አውጥተው አሳዩኝ። ሦስቱም ልጣፎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ከዚያ የውጭውን ጎማ አቀበሉኝና «ውስጡን ዳብሺው፤ ግን ቀስ ብለሽ» አሉኝ። ዳበስኩ። አንድ ነገር ጣቴን ጠቅ አደረገኝ። የግራር እሾህ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለም፤ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ቀዳዳው ሦስት ጊዜ ተደፍኗል፤ ቀዳጁ ግን ከቦታው አልተነሳም ነበር።

«መድፈኑን ማንም ይደፍናል። ማን እንደቀደደው ሳትጠይቂ ከደፈንሽ ግን ነገ ትመለሻለሽ» አሉኝ፤ እሾሁን በፒንሳ እየነቀሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ዋርካው ሥር መዋል ጀመርኩ። የጋሼ ውል አጭር ነበር፦ «ተቀምጠሽ እዪ። የፈታሽውን ግን ራስሽ ትገጥሚያለሽ።»

መጀመሪያ የተማርኩት ጎማ መለጠፍ ነው። እናንተም ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል፤ ሳይክል ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ያጋጥመዋል። ሳይክሉን ገልብጣችሁ በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። የሚፈታው የኋላው እግር ከሆነ መጀመሪያ ማርሹን ከኋላ ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጉት፤ ሰንሰለቱ ይላላና ለማውጣት አያስቸግርም። የፍሬኑን ሽቦ ፈታ አድርጉ፣ ዳዶዎቹን ፍቱ፣ እግሩ ይወጣል።

የውጭውን ጎማ ከቸርኬው፣ ማለትም ጎማው ከሚቀመጥበት የብረት ክብ፣ ማላቀቅ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት። ለብቻዬ ቤት ውስጥ ስሞክር በካቻቪቴ ፈለቀቅኩት። ጎማው ወጣ። ከመነዳሪው ግን ሲገባ አንድ ቀዳዳ ነበረው፣ ሲወጣ ሦስት ሆነ። ሁለቱ የካቻቪቴው ናቸው። ለዚህ ሥራ የተሠራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አለ፤ ካጣችሁ ወፍራም የብረት ማንኪያ ፈልጉና በእጀታው በኩል ተጠቀሙ። ስስ ማንኪያ ይታጠፋል፤ እናቴም አትወደውም።

ከመነዳሪውን ንፉና ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ እየነከራችሁ አዙሩት። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡ። አንድ ቀዳዳ አገኘሁ ብላችሁ አታቁሙ፤ ዙሩን ጨርሱ። ከዚያ ቀዳዳው አካባቢ ያለውን በደንብ አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ ያ የሚያብለጨልጨው ላዩ መጥፋት አለበት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ፣ ከልጣፉ ሰፋ አድርጋችሁ ቀቡ።

ከዚያ ጠብቁ። ጀማሪ ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ ከለጠፋችሁት አይዝም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ በጣታችሁ ጫፍ ነካ ስታደርጉት እጃችሁ ላይ የማይቀር ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ለጥፉና በኃይል ተጫኑት። እኔ በማንኪያው ጀርባ ነው የማሸው። ማስቲሽ ሽታው ክፉ ነው፤ እሳትም ይወዳል። ደጅ ላይ ሥሩ እንጂ ምድጃ አጠገብ አይሆንም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። ማን ቀደደው? ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። በውጭ በኩል ከሆነ እሾህ፣ ሚስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው፤ የውጭውን ጎማ ዙሪያውን ዳብሱ። በውስጥ በኩል፣ ማለትም ቸርኬውን በሚነካው ጎን ከሆነ፣ መንገዱን አትክሰሱት፤ ከቸርኬው ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ ሽፋኑን አልፎ ወጥቷል። በቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን የሚሄደው የጎማ ጥብጣብ ተንሸራትቶ ወይም ተበጥሶ ይሆናል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካያችሁ ደግሞ ጥፋተኛው አየሩ ነው። ጎማው በደንብ ሳይነፋ ኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ስትወጡ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጧል። ቫልቩ ሥር የተቀደደ ከሆነ ከመነዳሪው ተጣምሞ ገብቶ ቫልቩን ሲጎትተው ኖሯል ማለት ነው፤ ይህኛው ተለጥፎም ብዙ አይቆይም፣ አዲስ ግዙ።

አንድ የጋሼ ብልሃት ልጨምርላችሁ። የውጭውን ጎማ ስትገጥሙ ጎኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ ይሁን። ሌላ ቀን ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳውን ስታገኙ ከቫልቩ ያለውን ርቀት ለክታችሁ የውጭው ጎማ ላይ እሾሁ የት እንዳለ በቀጥታ ትደርሱበታላችሁ። የአየሩ ልክም እዚያው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የእኔ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንብቤው አላውቅም፤ በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግኩ «ይበቃዋል» ነበር የምለው።

ሰንሰለቱ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ። መስከረም ላይ ሰንሰለቱ ሲጮህ ዘይት እንደሚያስፈልገው ገባኝ። ዘይት ደግሞ ቤት ሞልቷል። የእናቴን የኑግ ዘይት አወረድኩና ቀባሁት። ወዲያው ጸጥ አለ። ኮራሁ! በአሥር ቀኑ ግን ሰንሰለቱ እንደ ማስቲሽ ተጣብቆ፣ አቧራውን ሁሉ ጠጥቶ፣ መዞር አቃተው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ይሄዳል፤ ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም። ጋሼ ሲያዩት «ለዚህ የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነው» አሉ።

በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለማጽዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን የስፌት ማሽን ዘይት ነው የምጠቀመው። ስስ ነው፣ በየሱቁ አለ። ክረምት ላይ ዝናብ ቶሎ ስለሚያጥበው ቶሎ ቶሎ መድገም ግድ ይላል። የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ይቆያል፣ ነገር ግን በበጋ አቧራውን ይሰበስበዋል። የትኛውንም ብትጠቀሙ ዘይት የሚያስፈልገው የሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ውስጡ ነው። እያንዳንዷ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ እንዲገባ ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ላዩን በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ሰንሰለቱ ስትነኩት እጃችሁን የሚያጠቁር ከሆነ አብዝታችሁታል።

ሰንሰለት ያረጃል፤ ሲያረጅም ይረዝማል። ይህን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር በኢንች በኩል ነው የምጠቀመው። ከአንዷ ፒን መሀል እስከ አሥራ ሁለተኛው ኢንች ትለካላችሁ። አዲስ ሰንሰለት ላይ 12 ኢንቹ ልክ ሌላ ፒን መሀል ላይ ያርፋል። ፒኗ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ያህል አልፋ ከሄደች ሰንሰለት መቀየሪያው ደርሷል። አንድ ስምንተኛ ካለፈች ግን ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል። የእኔ ከዚያም አልፎ ነበር። ብር ልቆጥብ ብዬ ሰንሰለቱን ብቻ ቀየርኩ። አዲሱ ሰንሰለት ከአሮጌዎቹ ጥርሶች ጋር አልስማማ ብሎ፣ ጠንከር አድርጌ በረገጥኩ ቁጥር ይዘላል። በመጨረሻ የኋላ ጥርሱንም ገዛሁ። በጊዜ ብለካው ኖሮ ሰንሰለቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ስሙን ማወቅ ይጠቅማል። ዳዶ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ራሱ ጎሚስታ የሚለውም፣ ሁሉም ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ የመፍቻ ሣጥኑን የረሳው ይመስለኛል። ባለ ሱቁ ፊት «ያ ክብ ነገር» ከማለት «የኋላ ኩሽኔታ» ማለት ዋጋውንም ዝቅ ሳያደርገው አይቀርም።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። አንድ ቀን ሰንሰለት ስቀባ ዘይቱ የኋላ ቸርኬው ላይ ተንጠባጥቦ ኖሯል፤ አላየሁም። ገበያ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስይዝ ሳይክሉ ዝም ብሎ ሄደ። የፊተኛው ፍሬን ባይኖር ባጃጅ ጎን ነበር የምገባው። ዘይት የነካው ቸርኬ በአልኮል በነከሩት ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የፍሬኑ ጎማ ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። በደንብ ዘይት ከጠጣ ግን ጣሉት። ፍሬን ሲጮህ ዘይት የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ። ለነፍሳችሁ ስትሉ ይህን አታድርጉ።

የፍሬኑ ጎማ ሲያዝ ቸርኬውን ብቻ መንካት አለበት። ትንሽ ከፍ ብሎ የውጭውን ጎማ የሚነካ ከሆነ ጎኑን እየበላ ይቀደዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ ሽቦዎቹ ይገባል። የፍሬኑ ጎማ ላይ የተቆረጡትን ትናንሽ ቦዮች እዩ። ቦዮቹ ከጠፉ ጊዜው አልፏል። የፍሬን እጀታው መሪውን እስኪነካ የሚመጣ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፤ እጀታው ሥር ሽቦው የሚገባባትን ትንሽ ዙር ብሎን ወደ ውጭ ስታዞሩ ሽቦው ይወጠራል። ሽቦው ጫፉ ላይ ተበጣጥሶ እንደ መጥረጊያ ከሆነ ግን መወጠር አያድነውም፤ ይቀየር።

አሁን ወደ ርዕሱ። የግራው ፔዳል ሲንቀጫቀጥ ልቀይረው ተነሳሁ። ብሎን ወደ ግራ ሲዞር እንደሚፈታ ሕፃን ያውቃል። መፍቻውን አስገብቼ ወደ ግራ ገፋሁ። አልነቃነቅ አለ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ አስረዘምኩት፤ ወንድሜን ጠራሁ፤ ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። ቆይቼ እንደተረዳሁት እያጠበቅነው ነበር። የግራው ፔዳል ጥርሱ፣ ማለትም የብሎኑ ጠመዝማዛ፣ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። እንዲህ የተሠራው ስንነዳ የእግራችን ጉልበት ፔዳሉን ቀስ በቀስ እንዳይፈታው ነው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። ጋሼ ጋ ስንደርስ ገና ሳንናገር ቧንቧውን አይተው ሳቁ። ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገውበት ግማሽ ሰዓት አቆዩትና በአንድ ክንዳቸው ፈቱት። ፔዳል ስትገጥሙ ጥርሱን ግራሶ ቀቡ፤ መጀመሪያም በእጃችሁ አስገቡት። በእጅ አልገባ ያለን ፔዳል በመፍቻ የሚያስገባ ሰው የመያዣውን ጥርስ ይበላዋል።

ማርሹን ባጭሩ ልለፈው። የኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ፤ ኤች እና ኤል የሚሉ ፊደላት ተጽፈውባቸዋል። ሰንሰለቱ በትንሿ ጥርስ በኩልና በትልቋ ጥርስ በኩል አልፎ እንዳይወጣ ወሰን የሚይዙ ናቸው። ዝም ብላችሁ አትንኳቸው። ኤል ያለበት ከላላ ሰንሰለቱ ሽቦዎቹ ውስጥ ገብቶ ሊሰባብራቸው ይችላል። ማርሹ እየተንኮሻኮሸ አልገባ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ከቀያሪው ጀርባ ሽቦው የሚገባባትን ዙር ብሎን ሩብ ዙር ማዞር ነው። ሩብ ዙር፣ ሙከራ። ደግሞ ሩብ ዙር፣ ሙከራ።

የኋላ ኩሽኔታውን፣ እግሩ ዘንጉ ላይ እንዲዞር የሚያደርገውን፣ የከፈትኩት በድፍረት ነው። እግሩን በእጄ ይዤ ወደ ጎን ስነቀንቀው ይንቀጫቀጣል፤ ሲዞርም አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ኩሬ ውስጥ ነድቼው ነበር። ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አነጠፍኩና ፈታሁት። እንዲህ ያለው ኩሽኔታ ውስጥ በግራሶ የተያዙ የብረት ብዮች አሉ። የኋላው እግር ላይ በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው፤ ስፋታቸው ሩብ ኢንች። የፊተኛው ላይ አሥር አሥር፣ አነስ ያሉ። እኔ ይህን አላውቅም። ዘንጉን ስስበው ብዮቹ ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ። ወንድሜም እኔም ተንበርክከን ለቀምን። አሥራ ሰባት።

እዚህ ላይ ምክሬ ግልጽ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት እግሩን ሳፋ ወይም ትሪ ላይ አድርጉት። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የወጣውንም በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። አንዲት ብይ ከጠፋች አንዲት ብቻ ገዝታችሁ አትሙሉ። አሮጌዎቹ ተበልተው አንሰዋልና ሸክሙ አዲሷ ላይ ይወድቃል። ሁሉንም ቀይሩ፤ ዋጋቸው ብዙ አይደለም። ቤታቸውን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁት፣ አዲስ ግራሶ ሙሉበት፣ ብዮቹን አንድ በአንድ ግራሶው ላይ አስቀምጡ። ግራሶው ይይዛቸዋል፣ አይወድቁም። ሲጠብቅ ደግሞ ልኩ አስቸጋሪ ነው፦ እግሩ እንዳይንቀጫቀጥ፣ ግን ሳይከብደውም እንዲዞር። እኔ አራት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። ለዚህ ሥራ ስስ መፍቻ ያስፈልጋል፤ ተራው አይገባም። ከጋሼ ነው የተዋስኩት።

ሌላው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ባለ 15 ቁጥር መፍቻ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ አንድ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መንፊያ፣ ልጣፍና ማስቲሽ። ሁሉም በአንድ የኒዶ ጣሳና በአንድ አሮጌ ቦርሳ ይገባሉ።

ያቃተኝም አለ። ቸርኬዬ ሲጣመም ሽቦዎቹን እያጠበቅኩና እያላላሁ ላቃናው ሞከርኩ። ጎን ለጎን መወዛወዙን ቀነስኩት ብዬ ደስ ሲለኝ ዙሩ እንቁላል ሆኖ ተገኘ። ስነዳው ፈረስ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ለጋሼ ወሰድኩላቸው። በአንድ ሰዓት አስተካከሉት፤ እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ነበር ያበላሸሁት። ይህን ሥራ አሁንም ከፍዬ ነው የማሠራው፤ ቅርም አይለኝም።

ባለፈው ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ እናቴ ቁም ሳጥኑን ስታስነሳ ከሥሩ የሆነ ነገር ተንከባሎ ወጣ። አንስታ በቀሚሷ ጠረገችና «ያንቺ ነው መሰለኝ» ብላ ሰጠችኝ። አሥራ ስምንተኛዋ ብይ ናት። ኒዶ ጣሳው ውስጥ አስቀመጥኳት።